አርባ አምስት ደቂቃ

ሰውዬው ስሙ ባስ ነው። በአገሩ በሆላንድ ተራ ስም ነው ይላሉ። በከተማችን በአማኑኤል ግን ተራ ሊሆን አልቻለም። የቢራ ገብስ ማበጠሪያችንን ሊመራ በመጣ በሳምንቱ፣ የከተማው ሰው ጫኞቻችንን «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ባስ ነዋ» እያሉ ይስቁ ጀመር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ያኔ በስሙ ላይ ካልሆነ ሌላ የምስቅበት ነገር አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው አዝኜለት አይደለም፤ ነገሩን ስትሰሙ ደብቆናል እንዳትሉኝ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ያገራችን ሰው «ወንድሞቼ» እያለ እሑድ እሑድ ለራሱ ቤት መሠረት ድንጋይ ያሸክመን ነበር። ባስ ማንንም ወንድሜ ብሎ አያውቅም። ግን ከገብሱ አቧራ የሚከላከል የአፍ መሸፈኛ አስመጣልን። ለነፍሰ ጡሮች ፈቃድ ሳይለመን ፈረመ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሽኑን በገዛ እጁ አጥፍቶ ወደየቤታችን ያባርረናል። ከአማርኛ መጀመሪያ የያዛት ቃል «መብት» ናት። «መብትህ ነው» ሲልና «መብት የለህም» ሲል ድምፁ አንድ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

እኔ ፈንታው ትዕዛዙ እባላለሁ፤ የፈረቃ መሪ ነኝ። ትዕዛዙ የወለደኝ ሰው ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ ስትሞት እሱ እንጀራ ፍለጋ ቆላ ወረደ፤ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያሳደጉኝ ከሮብ ገበያ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚኖሩት ባዘዘውና ሚስቱ ካሰች ናቸው። ካሰች ያን ጊዜ የራሷን ልጅ ይስማውን ታጠባ ነበር። አንዱን ጡት ለሱ፣ አንዱን ለኔ ሰጠች። በኛ አገር ይህ ውለታ አይባልም፤ መውለድ ነው። ባዘዘው ከይስማው እኩል ገርፎኛል፣ ከይስማው እኩል አስተምሮኛል። ሲያረጅ ደግሞ ሁለታችንን አቁሞ እያየ «ስሞት በፊት በኩል የምትሸከሙኝ እናንተ ናችሁ፤ ቁመታችሁ እኩል ነው፣ አታንገዳግዱኝም» ይል ነበር። ቀኙን ለይስማው፣ ግራውን ለኔ ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

ትዕዛዙ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። የሰው ኃይል ክፍሏ ሂዊ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ወረቀት የማይጠፋባት ልጅ ናት፤ ቅጹን ሞላችና ባስ «ሦስት ቀን፣ መብትህ ነው» ብሎ ፈረመልኝ። ሄጄ ቀበርኩት። እንባ አልመጣልኝም። ሦስተኛውን ቀን ምን እንደምሠራበት ስለጠፋኝ በሁለተኛው ቀን ተመልሼ ሥራ ገባሁ። ባስ በዚህ አደነቀኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያምነው እኔን ሆነ።

ባዘዘው የሞተው ጥር ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይስማው ደወለ። «አባዬ አረፈ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የፊቱ ግራ ያንተ ነው፣ ድረስ» አለኝ። ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ሮብ ገበያ፤ ቶሎ ከተነሳሁ እደርሳለሁ። ግቢው ውስጥ ግን ገብስ ሊጭኑ የመጡ አሥራ ሁለት መኪኖች ተሰልፈዋል። ሂዊን ይዤ ባስ ቢሮ ገባሁ።

ባስ ፋይሌን አወጣ። አገላበጠው።

«አባትህ ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል» አለኝ።

«ያ የወለደኝ ነው። ይሄ ያሳደገኝ ነው» አልኩት።

«በጉዲፈቻ? የፍርድ ቤት ወረቀት አለህ?»

«ጡት ነው ያለኝ» አልኩ።

ሂዊ ይህን እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው አላውቅም፤ የባስ ጆሮ ግን ቀላ። ፋይሉን ዘጋው።

«ፈንታው፣ ሰው አንድ አባት ነው ያለው። አንተ አባትህን ተጠቅመሃል።»

ተጠቅመሃል። እንደ ሻይ እረፍት፣ እንደ ዓመት ፈቃድ። ከዚያ በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር። ለሁሉም እኩል ያልሆነ ነገር መብት አይባልም አለ። ዛሬ ለአንተ ሁለተኛ አባት ከሰጠሁ ነገ ለሌላው አምስት እሰጣለሁ፤ በጭነት ቀን ያለ ፈቃድ የወጣ ሰው ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ውሉ ላይ ፈርመሃል አለ። ነገሩ ከመሬት ተነስቶም አልነበረም። የሺዋስ የሚባለው ጫኝ አንዲት አክስቱን በዓመት ሁለቴ እንደቀበረ እኛም እናውቃለን፤ ባስም ደርሶበታል። እኔ ግን የሺዋስ አይደለሁም።

ቀረሁ። ማንም በር አልዘጋብኝም። ሚስቴ መክሊት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሥራ ፈትቼ ልጅ ልቀበል ነው ብዬ አሰብኩና እግሬ አልነሳ አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስምንተኛው መኪና እየተጫነ ነበር። ግራ ትከሻዬን ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ ዋለ።

በማግስቱ እሑድ ነበርና ሄድኩ። ካሰች ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ብድግ አለች።

«ይግቡ፣ ይግቡ። መንገዱ አደከመዎት?» አለችኝ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እማ» አልኩ።

«ሥራ አልፈቀደልዎትም አሉ። ደግ ነው። ሥራ ከባድ ነው። አንተ ይስማው፣ ለእንግዳው ወንበር ስጥ።»

ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ፣ ከደጄ ውጣ ብትለኝ እችለው ነበር። ጡቷን ያጠባችኝ፣ በጆሮዬ ይዛ እየጎተተች ያሳደገችኝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት አንቱ አለችኝ። በአርባው ተዝካር ስሄድም አንቱ ነኝ። ከቄሶቹና ከሩቅ እንግዶች ጋር ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጠችኝ፣ ቀድማ አስተናገደችኝ። በቀብሩ ቀን የፊቱን ግራ ማን እንደተሸከመ ይስማውን ጠየቅሁት። ጎረቤት ነው አለኝ፤ አጭር ሰው ስለነበር አባዬ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተንጋዶ ነው የሄደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባስን ስጠብቀው ኖርኩ። ሥራዬን አላጓደልኩም፣ እንደውም ጨመርኩ። እሱ ፊት እስቃለሁ። ልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ ትለምን ነበር፤ እኔ ያጣሁትን ይጣ። ምን እንደምለምን አውቄ ነው የለመንኩት፤ እግዜርም ሰማኝ ብል ሐጢአት ይሆንብኛል እንጂ የሰማኝ ይመስለኛል።

መጋቢት ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባስ ብቻዬን ጠርቶ በሩን ዘጋ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ ግን እንደ ወትሮው ተተኩሷል።

«ትናንት አባቴ ሞተ» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ለኔ እንዲገባኝ ቀስ እያለ። «ሐሙስ ይቀበራል። ፈቃድ መውጣት መብቴ ነበር፤ ግን የጭነት ሳምንት ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር አየዋለሁ። በኛ ሰዓት ከስድስት እስከ ስድስት ከአርባ አምስት። ሠላሳው ደቂቃ የምሳ ሰዓቴ ነው፤ አሥራ አምስቱ ከፈቃዴ ይቀነሳል። በዚያን ጊዜ ማንም እንዳይጠራኝ ግቢውን ያዝልኝ።»

አባቱን በምሳ ሰዓቱ ሊቀብር ነው። 

«ለማንም አትንገር» አለኝ። «እባክህ። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም፤ ይህ የኔ ብቻ ነው። ለአንተ የነገርኩህ ስለምትረዳኝ ነው። አባትህን ቀብረህ በሁለተኛው ቀን ሥራ የገባህ ሰው ነህ።»

እሺ አልኩት። እጁን ጨበጥኩት። ከቢሮው ስወጣ እርምጃዬ ፈጥኖ ነበር፤ ከሐዘን አልነበረም።

በማግስቱ ረቡዕ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ አካለ ወልድ ሄድኩ። የሠራተኞቹም የአማኑኤል ሰውም እድር አንድ ነው። የሚስተር ባስ አባት እንዳረፉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ደነገጡ።

«ምስኪን፣ ሰው በሌለው አገር። ራሱ ነው የላከህ?»

«በራሱ አፍ ነው የነገረኝ» አልኩ።

«ታዲያ ጠዋት በማለዳ እንድረሰዋ።»

«ቀብሩ በኛ ስድስት ሰዓት ነው። ለቅሶውም ከቀብሩ ጋር እኩል ይሁን ብዬ ነው።»

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ቅኔ ቤት አልገባሁም እንጂ ብገባ ሳይዋጣልኝ አይቀርም ነበር። አቶ አካለ ወልድ «መልካም አስበሃል» ብለው ጡሩምባ ነፊውን አስጠሩ። እኔ ደግሞ ለይስማው ደወልኩ። «ለእማ ንገራት። አባዬን እንዳልቀብር የከለከለኝ ሰውዬ አባት ሞቶበታል፤ የሚያለቅስለት የለም፤ ትምጣ» አልኩት። ካሰች በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። ትምጣና በዐይኗ ትየው ብዬ ነው። ካየች በኋላ ነገሩ ያልፍላታል፣ አንተ ትለኛለች ብዬ ነው። ከሁሉም በላይ የፈለግሁት ይህን ነበር።

ሐሙስ ንጋት ላይ ጡሩምባው አማኑኤልን ዞረ። ባስ የሚኖረው ደብረ ማርቆስ ስለሆነ አልሰማም። ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ ገብስ ለቃሚዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው አያቸው። ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፤ የሰው ጉዳይ የሰው ነው ባይ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደኔ አየና በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠኝ። እኔም በጭንቅላቴ መለስኩለት። በሩን ዘጋ።

የቢሮው ግድግዳ ከወገብ በላይ መስታወት ነው። ከውጭ ሆኜ የኮምፒውተሩ መስኮት ይታየኛል። ነጭ ግድግዳ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ቢበዛ ሠላሳ ሰው፣ መካከል ላይ አበባ የተቀመጠበት ሣጥን። ማንም ድምፅ አያሰማም። ባስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወጥቼ ትልቁን በር ከፈትኩት።

የእድሩ ድንኳን በጭነት ሜዳው ላይ፣ በሚዛኑና በተሰለፉት መኪኖች መካከል ተተከለ። ከሦስት መቶ የማያንስ ሰው ገባ። ፊት ፊት ካሰች ነበረች፤ ማልዳ ተነስታ ነው የመጣችው፣ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። ሜዳው መካከል ስትደርስ ቆመችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«አባት በዚያ ሲሄድ፣ ልጁ በሥራ ቀርቶ፣
የማን ትከሻ ገባ በልጁ ተተክቶ።»

ሰዉ ሁሉ ስለ ባስ መሰለውና ተንሰቀሰቀ። እኔ ግን ግማሹ ለማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ያም ሆኖ ዐይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም።

ባስ መጀመሪያ ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ በእጁ ተጫነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ ተነሳ። በሩን ሲከፍተው የማዳመጫው ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ አለለት። አቶ አካለ ወልድ ቆባቸውን አውልቀው ዝቅ አሉና «እግዚአብሔር ያጥናዎ» ብለው እጁን ያዙት። ከሳቸው ኋላ ሌላው፣ ከሱ ኋላ ሌላው። ጫኞቹ፣ ለቃሚዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ባስን በመንገድ ሲያልፍ ብቻ የሚያውቁት ባለሱቆች። እያንዳንዱ እጁን ይዞ ጎንበስ ይላል። ባስ እጁን እየሰጠ በሰዉ ትከሻ ላይ ወደ ቢሮው ያያል። ሁለቴ ሊመለስ ሞከረ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውምና ሁለቴም አቶ አካለ ወልድ ክንዱን ደግፈው መልሰው አስቀመጡት። መቀመጫውም ከመስታወቱ ፊት ለፊት ነበር። የመጨረሻው ሰው ጨብጦት ሲያልፍ የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቁሮ ነበር።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ። የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፌ ፊቱን እያየሁ፣ ከጥር ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማኝ። መኪኖቹ ቆመዋል፣ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ወርደው ከለቅሶው ገብተዋል። መቶ ሰባ ሠራተኛ በአንድ ቀን አይባረርም።

ባስ ሰው ሲቀመጥ ተነስቶ ወደኔ መጣ። አልጮኸም። ሂዊና ካሰች ምሰሶው አጠገብ ነበሩ።

«ለአንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «እባክህ ብዬሃለሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ነው የጠየቅሁት። ሣጥኑን ሲያወጡት አላየሁም።» ከዚያ የሚያውቃትን ቃል በአማርኛ ተናገራት። «ማን መብት ሰጠህ?»

ይህን ቀን ስጠብቅ መልሱን ሸምድጄዋለሁ። በገዛ አባባሉ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እሱ ለኔ እንደሚናገረው ነገርኩት።

«ሰው አንድ አባት ነው ያለው። አሁን አንተም ተጠቅመኸዋል።»

ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ያን ለት ማታ ውሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እኔን የሚያባርርበት አንቀጽ ማጣቱን ሂዊ ኋላ ነግራኛለች። ባስ እንዲህ ነው፤ አንቀጽ ከሌለው አይነካህም። ያኔ ግን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አለ ልጁ?» አለች ካሰች።

«አመሰገነ። ብድራችሁን ይክፈላችሁ ነው ያለው» አልኳት።

«እንዲያ አይደለም፣ እማማ» አለች ሂዊ።  ሁሉንም ነገረቻት። ምሳ ሰዓቱን፣ ኮምፒውተሩን፣ እባክህ ማለቱን፣ የኔን መልስ ጭምር ቃል በቃል ተረጎመችላት። የቢሮውን መስታወት በእጇ አሳየቻት።

ካሰች የጠቆረውን መስኮት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባዬን እንዳልቀብር ያደረገኝ እሱ ነው፣ እማ» አልኳት። «አንቺንም ያሳጣኝ እሱ ነው።»

«የኔን ባል አገር ነው የሸኘው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተንጋዶም ቢሆን ሄዷል። የዚህ ልጅ አባት ግን ከዚህ ሆኖ የሚያየው አንድ ልጅ ብቻ ነበረው። እሱንም አንቱ በኔ ድምፅ ጋረዱበት።»

 አልፋኝ ወደ ባስ ሄደች። ወንበር አልፈለገችም፤ አፈር ላይ ከእግሩ አጠገብ ተቀመጠችና እጁን ሳበችው። ባስ ግራ ገብቶት አያት።

«አይዞህ ልጄ» አለችው። «አንተ ምን አጠፋህ። አልቅስ፤ አባትህ እኮ ነው።»

ቋንቋውን አያውቅም። እሷ ግን ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አልለቀው አለች፤ ጥቂት ቆይቶ ያ ረጅም ሰውዬ ጀርባው መነቃነቅ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔ እንባዬ እንዲመጣ ለባዘዘው ስል ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

ካሰች ሳታየኝ እጇን ብቻ ወደኔ ዘረጋች።

«ውሃ ያምጡለት» አለችኝ።

ጆጉን ይዤ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።